ግድግዳው ሻግቷል፣ ሦስት ሰው ታሟል፤ ምክንያቱ አንድ ነው?

ጥያቄው፦ «ዶክተር፣ ባሕር ዳር ከሐይቁ ብዙ በማይርቅ ሰፈር ሁለት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። ክረምት በገባ ቁጥር በአልጋው በኩል ያለው ግድግዳ ይጠቁራል። አከራያችን በየዓመቱ መስከረም ላይ ቀለም ያስቀቡታል፤ ሐምሌ ላይ ይመለሳል። የ6 ዓመት ልጄ ማታ ማታ ይስላል። ጭንቅላቱ ላይም ቆረቆር ወጥቶበት ከፋርማሲ የገዛሁትን ቅባት ስቀባው መጀመሪያ ቀለል አለው፣ አሁን ግን ብሶበታል። አብረውን የሚኖሩት አማቴ ከዓመታት በፊት የቲቢ መድኃኒት ጨርሰው ድነው ነበር፤ አሁን ለወራት እየሳሉ፣ አክታቸው ደም እየተቀላቀለበት ነው፣ ከስተዋልም። ጎረቤቱ ሁሉ ‹ከግድግዳው ነው፣ ሳንባችሁ ውስጥ ገብቷል፣ ቤቱን ልቀቁ› ይለናል። እውነት ነው? እንጀራውም ቶሎ ይሻግትብናል፤ የሻገተውን አንስተን መብላታችንስ ይጎዳን ይሆን?»

ምላሽ፦

የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፤ መልሱ ግን አንድ አይደለም። በቤትዎ ያሉት ሦስት ሕመሞች ሦስቱም ከፈንገስ ጋር ሊያያዙ ይችላሉ፤ መንገዳቸው ግን ለየቅል ነው። ግድግዳው ከልጅዎ ሳል ጋር በቀጥታ ሊገናኝ ይችላል። ከቆረቆሩ ጋር ግን ምንም ዝምድና የለውም። ከአማትዎ ሕመም ጋር ግንኙነት ቢኖረው እንኳ ጎረቤቶችዎ እንደሚሉት ዓይነት አይደለም። ሁሉም ነገር በግድግዳው ላይ ከተላከከ ቤቱ ይለቀቃል፣ ሕመሙ ግን አብሯችሁ ይሄዳል። ስለዚህ የምጽፍልዎት እንደ አጣዳፊነቱ ነው። የሚቀድሙት አማትዎ ናቸው፤ የእሳቸው ጉዳይ ቀን የሚሰጥ አይደለም።

ቲቢ ታክሞ ሲድን ባክቴሪያው ይሞታል እንጂ ያበላሸው የሳንባ ክፍል እንደ ድሮው አይመለስም። ብዙ ሰው ላይ፣ በተለይ በሳንባው የላይኛው ክፍል፣ አየር ብቻ የሞላው ክፍተት ይቀራል። አስፐርጂለስ የሚባል ፈንገስ ደግሞ አለ፤ ብናኙ በአፈሩም፣ በገለባውም፣ በአቧራውም ስላለ ሁላችንም በየቀኑ እንተነፍሰዋለን። ጤነኛ ሳንባ ጠርጎ ያስወጣዋል። ያ ክፍተት ግን ጠራጊ የለውም። ፈንገሱ እዚያ ይቀመጣል፣ ቀስ እያለ ያድጋል፣ አንዳንዴም ተጠቅልሎ እንደ ኳስ ራጅ ላይ ይታያል። ምልክቱ ቁርጥ ቲቢን ይመስላል፦ ከ3 ወር በላይ የዘለቀ ሳል፣ ክብደት መቀነስ፣ ድካም፣ ደም ያለው አክታ።

በሥራዬ እጅግ ከሚያንገበግቡኝ ነገሮች አንዱ ይህ ነው። በሽተኛው ራጆቹን በትልቅ ፖስታ ይዞ ይመጣል። «ቲቢው አገርሽቶ ነው» ተብሎ አክታው ውስጥ ምንም ባክቴሪያ ሳይገኝ ሁለተኛ ዙር መድኃኒት ወስዷል፤ አንዳንዱም ሦስተኛ ዙር። አሮጌውንና አዲሱን ራጅ ጎን ለጎን አድርገው ብርሃን ላይ ሲይዟቸው ግን ነገሩ ይለያል፦ በአሮጌው ላይ ባዶ የነበረው ክፍተት በአዲሱ ላይ ውስጡ ሞልቶ፣ ከላዩ እንደ ጨረቃ ጥፍር የሆነ ቀጭን የአየር መስመር ብቻ ቀርቶለታል። ይህ ቲቢን ሳይሆን ፈንገስን የሚያስጠረጥር ምስል ነው። ስለዚህ አማትዎ የድሮ ራጃቸውና የቲቢ ሕክምና ካርዳቸው ቤት ውስጥ ካለ፣ ሳጥን ሥር ተቀብሮም ቢሆን ፈልጋችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ለሐኪሙ ከብዙ ምርመራ ይበልጥበታል።

ይህን ስል ቲቢ አይደለም ማለቴ አይደለም። መጀመሪያ መጣራት ያለበት እሱ ነው፤ አክታቸው በጂን ኤክስፐርት (የቲቢ ባክቴሪያን ዘረመል በሚፈልግ ማሽን) ይታይ። ቀድሞ የታከመ ሰው ላይ ይህ ምርመራ የሞተ ባክቴሪያ ቅሪትንም ሊያነሳ ስለሚችል ውጤቱ ካጠራጠረ አክታው ለካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያው ሕያው ከሆነ አሳድጎ ለሚያሳይ ምርመራ ይላካል። ቲቢ ካልተገኘ የደረት ሲቲ ስካንና ለአስፐርጂለስ የሚደረገው የደም ምርመራ ይከተላሉ፤ በእሳቸው ዕድሜ የሳንባ ካንሰርም አይዘነጋም። የኤችአይቪና የስኳር ምርመራም አብሮ ይደረግ፤ ሁለቱም ሰውነት ፈንገስን የሚቋቋምበትን አቅም ይቀንሳሉ። ፈንገሱ ከተረጋገጠ የሚታዘዘው ብዙውን ጊዜ ኢትራኮናዞል ነው፤ ቢያንስ ለ6 ወር ይወሰዳል። ለአንዳንዱ ደግሞ ቀዶ ሕክምና ይሻለዋል። አንድ ነገር ልብ ይበሉልኝ፦ በቲቢ መድኃኒት ውስጥ ያለው ሪፋምፒሲን የኢትራኮናዞልን መጠን ደም ውስጥ ክፉኛ ስለሚያወርደው ሁለቱን አንድ ላይ መዋጥ ፋይዳ የለውም። «ለማንኛውም ሁለቱንም ይውሰዱ» የሚል ምክር ከመጣ ይህን ይጠይቁ።

ደሙ በአክታው ላይ ጭረት ጭረት እያለ የሚታይ ከሆነ ከዚህ ሳምንት አይለፍ። የቡና ስኒ የሚሞላ ደም ከመጣ ግን ሌሊትም ቢሆን ባጃጅ ጠርታችሁ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል፤ ፈለገ ሕይወትም ሆነ ጥበበ ግዮን፣ የሚቀርባችሁ ጋ። እስከዚያው ድረስ ቲቢ ሊሆን ይችላል ብላችሁ ተጠንቀቁ። ከልጁ ጋር አንድ አልጋ አይተኙ፣ ሲስሉ አፋቸውን በማስክ ወይም በነጠላቸው ይሸፍኑ፣ ቀን ቀን መስኮቱ ይከፈት። ልጅዎም አብሯቸው ስለሚኖር የእሱም ሳል ከቲቢ አንጻር መታየት አለበት። ይህን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። ሻጋታው ዓይን ውስጥ ስለሚገባ ሳሉን ሁሉ ለእሱ እንሰጠዋለን፤ አጠገብ ያለው የአያት ሳል ይረሳል።

ወደ ቆረቆሩ ልምጣ። ይህም ፈንገስ ነው፤ ግን የግድግዳው ፈንገስ አይደለም። የጸጉርን፣ የጥፍርንና የቆዳን ላይኛ ክፍል የሚመገብ ሌላ ወገን ነው። ከልጅ ወደ ልጅ፣ በማበጠሪያ፣ በኮፍያ፣ በትራስ፣ በጸጉር ቤት ባልጸዳ ቶንዶዝ፣ አንዳንዴም ከድመትና ከውሻ ይተላለፋል። የገዙትን ቅባት አገላብጠው ያንብቡት። ቤታሜታዞን፣ ክሎቤታሶል፣ ዴክሳሜታዞን ወይም ትራያምሲኖሎን የሚል ስም ካገኙበት ስቴሮይድ (የቆዳን መቆጣት የሚያበርድ መድኃኒት) አለበት ማለት ነው። የጻፉልኝ «መጀመሪያ ቀለል አለው፣ ከዚያ ባሰበት» የሚለው ነገር የስቴሮይድ ጠባይ ነው። መቅላቱንና ማሳከኩን በሁለት ሦስት ቀን ያጠፋዋል፤ ሰውነት ፈንገሱን የሚዋጋበትን መንገድ ስለሚያዳክመው ግን ፈንገሱ ሰፍቶ ይዛመታል። መልኩም ስለሚለወጥ ሐኪም እንኳ ሊያሳስት ይችላል። ገላ ላይ የሚወጣ ጭርትም፣ ብሽሽት ላይ የሚወጣውም እንዲሁ ነው። እንዲህ ያለ ቱቦ ያለ ማዘዣ እንደ ቫዝሊን መሸጡ ሊያሳስበን ይገባል። ፊታቸው ላይ ለወራት ቀብተውት ቆዳቸው የሳሳ፣ የደም ሥራቸው የወጣ ሴቶች ጥቂት አይደሉም።

ንጹሕ የፈንገስ ቅባት ቢሆንም ጭንቅላት ላይ ብቻውን አያድንም፤ ፈንገሱ ጸጉሩ ሥር ስለሚገባ ቅባቱ አይደርስበትም። ልጅዎ የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልገዋል። ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ግሪሶፉልቪን ነው፤ መጠኑ በክብደቱ ተሰልቶ ከ6 እስከ 8 ሳምንት፣ ከወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር፤ በባዶ ሆድ ከወሰደው በደንብ ወደ ደም አይገባም። ተርቢናፊንም አለ። ጸጉሩ መብቀል ሲጀምር «ድኗል» ብለው በ3ኛው ሳምንት እንዳያቋርጡት። ኬቶኮናዞል ያለበት ሻምፑ ለልጁም ለእርስዎም በሳምንት ሁለቴ ቢሆን ስርጭቱን ይቀንሳል። ነጭ ሽንኩርት ፈጭቶ መለጠፍ ቆዳውን ያቃጥለዋል፣ ይተውት። ቦታው አብጦ ልስልስ ብሎ መግል ካዘለም ማንም በምላጭ እንዳይነካው፤ መግሉ በብዛት ሰውነቱ ከፈንገሱ ጋር ሲታገል የፈጠረው እንጂ የሚበጣ እባጭ አይደለም። ሕክምናውን ከጀመረ ትምህርት ቤት መሄድ ይችላል።

ማታ ማታ የሚያስለው ሳል ላይ ግን ጎረቤቶችዎን እደግፋለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ስለ ቤት ውስጥ እርጥበትና ሻጋታ ባወጣው መመሪያ፣ እርጥብና ሻጋታ ያለበት ቤት የሚኖሩ ሰዎች ላይ ሳል፣ ሲተነፍሱ ማፏጨት፣ አስምና የመተንፈሻ አካላት ሕመም እንደሚበዛ አስቀምጧል። ይህ የሚሆነው ሻጋታው ልጁ ሳንባ ውስጥ በቅሎ አይደለም። ብናኙና የሚለቀው ነገር የአየር ቧንቧውን ይቆጣዋል፣ ቧንቧው ይጠባል። ራስዎ ልትፈትሹት የምትችሉት አንድ ነገር አለ፦ ለሁለት ሳምንት ሌላ ክፍል ወይም ዘመድ ቤት ይተኛ። ሳሉ እዚያ ቀንሶ ሲመለስ ካገረሸ፣ ሌሊትና ንጋት ላይ የሚብስ ከሆነ፣ ሲተነፍስ ፉጨት ካሰማ አስም ሊሆን ይችላል። የከሰልና የእንጨት ጭስም ይህንኑ ያደርጋል፤ ምድጃው ያው ክፍል ውስጥ ከሆነ ግድግዳውን ብቻ አይክሰሱት።

አስም ከተባለ በአፍ የሚነፋውን መድኃኒት አይፍሩት። «ሱስ ይሆናል» የሚባለው ልክ አይደለም። ትንሽ ልጅ ፓምፑን በቀጥታ መሳብ ስለማይችል በፓምፑና በአፉ መካከል የሚገባ የመተንፈሻ ዕቃ (ስፔሰር) ያስፈልገዋል፤ እሱ ከጠፋ የግማሽ ሊትር የውሃ ሃይላንድ ታችኛውን በኩል በፓምፑ አፍ ልክ በስቶ አጥብቆ መግጠም ይቻላል፤ በሌላኛው ጫፍ ልጁ በአፉ እየተነፈሰ ይወስዳል። በጥናት ተፈትሾ ጥሩ ሆኖ የተገኘ ዘዴ ነው። በየቀኑ የሚነፋው ስቴሮይድ ያለበት ከሆነ ከዚያ በኋላ አፉን ይጉመጥመጥ፤ አለበለዚያ ካንዲዳ የሚባለው ፈንገስ ምላሱን ነጭ ያለብሰዋል። ልጁ መናገር ካቃተው፣ የጎድን አጥንቶቹ መካከል ወደ ውስጥ እየተሳበ ከተነፈሰ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ግን ወደ ሆስፒታል ነው የሚሮጠው።

አሁን ግድግዳው። ሻጋታን የሚያኖረው ውሃ ነው፤ ውሃው ካልቆመ ቀለሙም በረኪናውም ከንቱ ድካም ነው። እኛ ከተማ ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ ሲደራረብ ግድግዳ ለመድረቅ ፋታ አያገኝም፤ ሐይቁ ዳር ባሉ ዝቅተኛ ሰፈሮች ደግሞ መሬቱ ራሱ ውሃ ይቋጥራል። ስለዚህ መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ይወቁ። ጥቁረቱ ከወለሉ ተነስቶ ወደ ላይ እስከ ወገብ ከደረሰ፣ ልስኑ እየተፈረፈረ ነጭ ጨው ካወጣ፣ ከመሬት እየተሳበ ነው። ከላይ ወደ ታች ከወረደ፣ የማዳበሪያ ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ክብ ከታየ፣ ቆርቆሮው ወይም አሸንዳው ያፈሳል፤ የላላ ሚስማር ቀዳዳ ብቻውን ይህን ያደርጋል። ከቁም ሳጥን ጀርባና በማዕዘን ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ከሆነ ደግሞ ከትንፋሽ፣ ከምግብ ማብሰያና ቤት ውስጥ ከሚሰጣ ልብስ የሚነሳው እንፋሎት ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ እያረፈ ነው። ካልለየልዎት አንድ ንጹሕ ፌስታል ቀደው ግድግዳው ላይ ዘርግተው ዙሪያውን በፕላስተር ያሽጉት፣ ለአንድ ቀን ይተዉት። ጤዛው ከፌስታሉ ሥር፣ በግድግዳው በኩል ከሆነ ውሃው ከግድግዳው ውስጥ ነው፤ ከላዩ ከሆነ ከክፍሉ አየር ነው።

አከራይዎ መስከረም ላይ የሚያስቀቡት በጣም በማይሆን ጊዜ ነው። ግድግዳው ከዓመቱ ሁሉ ይበልጥ ውሃ የጠጣው ያኔ ነው፤ ቀለሙ እርጥበቱን ውስጥ ያሽግበታል፣ ሻጋታው ከሥሩ እያደገ ቀለሙን ገፍቶ ይወጣል። አሸንዳውና ቆርቆሮው ግንቦት ላይ ይታይ፣ በውጪ በኩል ግድግዳው ሥር የተከመረው አፈር ይነሳና ውሃ መሄጃ ቦይ ይቆፈር፣ ቀለም ደግሞ ጥርና የካቲት ላይ፣ ግድግዳው ከደረቀ በኋላ ይቀባ። ይህን ለአከራይዎ ሲነግሯቸው በየዓመቱ የሚያወጡትን የቀለም ወጪ እንደሚያስቀርላቸው ይንገሯቸው፤ ብዙ ጊዜ የሚያግባባው ይህ ነው።

ሲያጸዱ በደረቅ ብሩሽ አይፋቁት፤ ብናኙን በቤቱ ሁሉ ይበትነዋል። ልጁም አማትዎም ከቤት ይውጡ፣ መስኮት ይከፈት፣ ጓንትና ጥሩ ማስክ ይደረግ፤ የኤን 95 ዓይነቱ ቢገኝ ጥሩ ነው፣ የጨርቅ ማስክ ብናኙን አይዝም። በሳሙናና በውሃ አርጥበው ይጠቡት፣ ከዚያ ያድርቁት። በረኪና ለሊሾ ወለልና ለሴራሚክ ይሠራል፤ የጭቃም ሆነ የስሚንቶ ልስን ግን ውሃውን ወደ ውስጥ ስለሚጠጣ በረኪናው ላዩን ብቻ ያነጣዋል። እዚያ የሻገተው ልስን ራሱ ተፈልፍሎ ነው የሚወጣው። በረኪናን ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር በፍጹም አይቀላቅሉ፤ የሚነሳው ጋዝ ጠባብ ክፍል ውስጥ ሰው ይገድላል። ክፍሉን ለማድረቅ ብላችሁ በር ዘግታችሁ ከሰል እንዳታቀጣጥሉም አደራ። የከሰል ጭስ በየክረምቱ የሚያጠፋው ሕይወት ይበቃናል። የልጁ አልጋ ከግድግዳው ቢያንስ አንድ ስንዝር ይራቅ፤ ስፖንጅ ፍራሹ ከሻገተ አጥቦ ማዳን አይቻልም፣ መጣል ነው።

ስለ እንጀራው፦ ሻጋታው ካረፈበት ቦታ አልፎ ሥሩን በለስላሳው እንጀራ ውስጥ ይሰድዳል፤ ዓይን የሚያየው ላዩን ብቻ ነው። አንድ ቦታ ከሻገተ ያ እንጀራ በሙሉ ይጣል፤ ከሥሩ ያሉትም አንድ በአንድ ይታዩ። ሳይሻግት ድርቆሽ ማድረግ መልካም ነው፤ ከሻገተ በኋላ አድርቆ ድርቆሽ ማድረግ ግን ሻጋታውን ይገድል እንደሆነ እንጂ የለቀቀውን መርዝ አያጠፋም። አንድ ጊዜ ሳያውቁት ቢበሉት ግን መጨነቅ አያስፈልግም።

ከእንጀራው ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ከገጠር የሚመጣው በቆሎና ለውዝ ነው። ሳይደርቅ በማዳበሪያ ከረጢት ታስሮ ሊሾ ላይ የተቀመጠ በቆሎ ላይ የሚያድገው ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመርታል። መፍጨት፣ መቀቀል፣ መቁላት፣ መጋገር አያጠፋውም። ጥቂት በጥቂት ለዓመታት ከተበላ የጉበት ካንሰር ያመጣል፤ የጉበት ቫይረስ ቢ ያለበት ሰው ላይ ደግሞ አደጋው በብዙ እጥፍ ይጨምራል። ብዙ ከተበላ በቀናት ውስጥ ይገድላል፦ እ.ኤ.አ. በ2004 በምሥራቅ ኬንያ በሻገተ በቆሎ 317 ሰዎች ታመው 125 ሞተዋል። በእኛም አገር በ1970 ዓ.ም. ገደማ ወሎ ውስጥ፣ ገብስ ውስጥ የተቀላቀለ ሲናር ላይ ያደገ ሌላ ፈንገስ ሰዎችን እግራቸው እስኪበሰብስ ድረስ ጎድቷል። የተበላሸውን እህል «ለከብት ይሁን» ማለትም አያድንም፤ ላሟ ከበላችው መርዙ በወተቷ ይመለሳል። ለውዙን ሲለቅሙ የተጨማደደውን፣ ቀለሙ የተለወጠውን፣ የሚመረውን ሁሉ ያውጡ። ከረጢቱን ከወለሉ ከፍ አድርገው እንጨት ላይ ያስቀምጡ።

እ.ኤ.አ. በ2021 ከህንድ ስለተሰማው «ጥቁር ፈንገስ» ሰምታችሁ ከሆነ፣ ያ ከግድግዳ ጥቁረት ጋር አይገናኝም። ኮቪድ ይዟቸው ብዙ ስቴሮይድ የወሰዱ፣ ስኳራቸውም በቁጥጥር ሥር ያልነበረ ሰዎችን ያጠቃ ሌላ ፈንገስ ነው። የግድግዳ ሻጋታን መርዛማነት በቀለሙ መለየትም አይቻልም፤ ጥቁርም ሆነ አረንጓዴ ሥራው አንድ ነው፣ መጽዳት። በኤችአይቪ ምክንያት አቅሙ የተዳከመ ሰው ቤታችሁ ካለ ግን ለሳምንታት የዘለቀ ራስ ምታት ከትኩሳት ጋር ሲመጣ ክሪፕቶኮከስ የተባለ ፈንገስ የሚያመጣው ማጅራት ገትር ሊሆን ስለሚችል ዛሬ ነገ ሳይባል ይመርመር።

ቤቱን እንልቀቅ ወይ ላሉት፦ አከራይዎ አሸንዳውንና ቦዩን ካሠሩ አትልቀቁ። እስከ ግንቦት ምንም ካልተሠራና የልጁ ሳል አስም መሆኑ ከተረጋገጠ ግን ልቀቁ። አዲስ ቤት ስታዩ በበጋ ሳይሆን ዝናብ በዘነበ ማግስት እዩት። የተቀባ ግድግዳ አያታላችሁ፤ ከቁም ሳጥኑ ጀርባና ከአልጋው ሥር እጃችሁን ሰድዳችሁ ዳስሱት፣ ኮርኒሱን ቀና ብላችሁ እዩት፣ በውጪ በኩልም ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ዞራችሁ ተመልከቱ። ግድግዳው ወለሉ አካባቢ አዲስ ልስን ተለስኖ ላዩ አሮጌ ከሆነ፣ ለምን እንደተለሰነ ጠይቁ።